አሜን የተባለበት በጀት

ስብሰባ የሚጠላ ሰው ብትፈልጉ እኔን ጥሩኝ። ቀብር ሂድ በሉኝ፣ እሄዳለሁ። ሰርግ ካላችሁ ሳትጠሩኝም እመጣለሁ። ስብሰባ ሲባል ግን ሆዴን ይቆርጠኛል። ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን ባለ ባጃጅ፣ አንገቱን ደፍቶና አፉን ዘግቶ የማወራውን ይሰማል። ቢቃወም መቀሱ በእጄ ነው። ስብሰባ ላይ ነገሩ ይገለበጥና አንገት ደፍቼ የምሰማው እኔ እሆናለሁ፤ ያውም ሳልስተካከል።

ከተማችን ጊንጪን አልፋችሁ አምቦ ሳትደርሱ ትገኛለች። ስሟን አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አታውቋትም፤ አውቶቡሶቹ ራሳቸው ስሟን ሳይጠይቁ ነው የሚያልፏት። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ከተማችንን የሚጎበኛት ሽንቱ ከመጣ ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሚቆመው።

የኔ ሰፈር ከአስፋልቱ ማዶ ነው። መሃል ላይ አንድ ጅረት አለ። በበጋ ብታዩት ታዝኑለታላችሁ፤ ዶሮ ጥፍሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ያው ጅረት ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ ይመጣል። የምንሻገርበትን ግንድ በየዓመቱ ይዞት ይሄዳል፤ እኛም ውሃው ሲጎድል ሌላ ግንድ እናጋድማለን። እንግዲህ ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለጅረቱም ግብር እንከፍላለን ማለት ነው።

አምና ሐምሌ አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። ጅረቱ ዳር ስንደርስ ግንዱ የለም። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዳት ባጃጅ ማዶ ቆሞ መብራቱን ያበራል፣ እኛ እዚህ ቆመን ዝናብ ይወርድብናል። እዚያው ጅረቱ ዳር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ጋርደው አዋለዷት። ልጁ ደህና ነው፤ መሻገሪያ ላይ ስለተወለደም በኦሮምኛው «መልካ» ብለው ስም አወጡለት። እናቲቱን ግን ለጥቂት ነው ያተረፍናት። ደሟ ሲፈስ ያየ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የኔ ሚስት የፀሐይ ሆነ። ስንት ዓመት ስንለምነው የኖርነው ልጅ በስንት ደጅ ጥናት መጣና ነርሷ ቆጥራ ምን ብትለን ጥሩ ነው? ሐምሌ። ሐምሌ ማለት ለጅረቱ የሥልጣን ዘመኑ ነው። ፀሐይ ስለዚህ ነገር ብዙ አታወራም። ብቻ ሲመሻሽ ወጣ ትልና ጅረቱን አይታ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ እሷን አይቼ እፈራለሁ። ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ግንቦት ሲገባ ባጃጅ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ዞረ። የመጪው ዓመት በጀትና አዲሱ የጣራና የግድግዳ ግብር ላይ ሕዝቡ እንዲወያይ ተጋብዟል አለ። ፀሐይ ሰማችና ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ እንድሄድ አዘዘችኝ። ስለ ጣራው ምን አስጨነቀሽ ብላት፣

«ስለ ጣራው አይደለም። ስለ ድልድዩ ተናገር። ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አለች።

ስለ ጣራና ግድግዳ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ፤ አዲስ ኃጢአት ስለሆነ ገና አልቀዘቀዘም። ቤት የሚገምቱት ሰዎች ሜትራቸውን ይዘው ሲመጡ ሰፈራችን በሙሉ በአንድ ጀንበር ድሃ ሆነ። ሶፋው ከብርድ ልብስ ስር ገባ፤ ዲሹ ከጣራ ወረደ፤ አንዱ ጎረቤቴማ ፍየሎቹን ሳሎን አስገብቶ ከነሱ ጋር ተቀምጦ ጠበቃቸው። እኔም ግድግዳዬን እያሳየሁ ጭቃ ነው፣ ሊወድቅ ነው ስል አማቴ ሰሙኝ። ፀሐይን ስጠይቅ ቪላ አለኝ ያልኳቸው ሰው እኮ ናቸው። ለአማት ቪላ፣ ለማዘጋጃ ቤት ጎጆ! ሁለቱም አላመኑኝም።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። በቅድሚያ ግን የራሴን ራስ ላስረዳ። ዕድሜዬ ገና አርባ አልሞላም፤ ፀጉሬ ግን ከኔ ቀድሞ አርጅቷል። ከሠላሳዬ ጀምሮ ነጭ ነው። ፀጉር አስተካካይ ሸብቶ ማን ያምነዋል? ቀለም እቀባ ነበር። ፀሐይ ስታረግዝ የቀለሙ ሽታ አላስቀምጥ አላትና ተውኩት፤ በምትኩ የሹራብ ኮፍያ እስከ ጆሮዬ ደፍቼ መሥራት ጀመርኩ። ደንበኞቼ ብርድ ይዞት ነው እያሉ ዝንጅብል ያዙልኝ ነበር። ከፀሐይ በቀር ከኮፍያው ስር ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ሱፌን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ፣ የምናገረውን በቃሌ አጥንቼ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ግንዱ ላይ ወጣሁ፤ ንግግሬን እየተለማመድኩ ነበርና «የተከበራችሁ» ከሚለው ላይ ስደርስ ግንዱ ተንከባለለ። እናንተዬ፣ ጅረቱ ገና በግንቦት እንዲህ ከሆነ በሐምሌ ምን ሊሆን ነው? ኮፍያዬን ወሰደ፤ አንድ እግር ጫማዬን ወሰደ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንዳለች ውሃ ጠጥታ ሞተች። እየዳኽኩ በማዶው በኩል ወጣሁ።

እዚያው አስፋልቱ አጠገብ ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ይኖራሉ። እሳቸውም ለስብሰባው ተጠርተው ነበር፤ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸው ቀርተዋል። እንደ ራሰ ዶሮ ሆኜ በራቸው ላይ ሲያዩኝ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አዘኑ። ሱፌን አስወለቁና የራሳቸውን ሰፊ ሱሪ በገመድ አሰሩልኝ። ሸሚዝ ስላልነበረ በካናቴራዬ ላይ ቡልኮአቸውን፣ ያንን ሽማግሌ የሚለብሰውን ወፍራም ልብስ፣ ደረቡልኝ። የተጣፈ ጫማና ከዘራም ጨመሩ። መስታወት አልነበረም እንጂ ቢኖር ራሴን አይቼ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ አስተናጋጇ ገና ከሩቅ ስታየኝ እየሮጠች መጣች። ክንዴን ደግፋ፣ ቀስ ይበሉ አባባ እያለች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አወጣችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን የፊቱ ረድፍ ወንበር ስፖንጅ አለው፤ ከፊቱም የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ከፊት የተቀመጠ ቀድሞ ይናገራል ብዬም አሰብኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩና ከአገር ሽማግሌዎቹ ጫፍ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ኦቦ ገለታ፣ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ለሰላምታ ብድግ ሲሉልኝ ግን ትንሽ አፈርኩ።

ሰብሳቢው የማዘጋጃ ቤታችን ኃላፊ ነው። ደንበኛዬ ነው፤ ጭንቅላቱን ከሱ የበለጠ አውቀዋለሁ። ከኋላ በኩል ትንሽ ሳሳ ያለች ቦታ አለችው፤ እሷን የምሸፍንለት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ የመግቢያ ንግግር አደረገ፤ ቀጥሎ ወደ መግቢያው ገባ። ግድግዳው ላይ የሚታይ ፓወር ፖይንት ከፍቶ ትንሽ እንደሄደ መብራት ጠፋ። ተመስገን ስንል በእጁ የታተመ ወረቀት ነበረው።

የበጀቱ ራስ አንድ ፏፏቴ ነበር። አውቶቡሶቹ በሚያልፉበት አደባባይ ላይ ውሃው በቀለም መብራት ታጅቦ ወደ ሰማይ ይረጫል፤ መንገደኛ ሁሉ ወርዶ ፎቶ ይነሳል፤ ከተማችን ትታወቃለች። እኔ ይህን ስሰማ ከካናቴራዬ ስር ውሃ በጀርባዬ ይወርዳል። የኛ ሰፈር በውሃ እየተወሰደ ከተማው ውሃ ለማስዘለል በጀት ይይዛል! ድልድዩስ? ድልድዩ «በቀጣይ ዓመታት እንደ አቅማችን ይታያል» ከሚለው ውስጥ ገብቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አዲሱ ግብር ግን አቅም አላስፈለገውም፤ ከሐምሌ ጀምሮ ነው ተባለ።

ውይይቱ ሲከፈት እጄን ቀደም ብዬ አወጣሁ። ሰብሳቢው አየኝና በጣም በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ አባቶች በመጨረሻ ይመርቁናል፣ አሁን ለወጣቶችና ለሴቶች ዕድል እንስጥ አለ። እጄን አወረድኩ። ዕድሉ የተሰጠው ግን ሁልጊዜ ለሚሰጣቸው ነው። ታውቋቸዋላችሁ፤ በየከተማው አሉ። አንደኛው መድረኩን ለማመስገን ተነስቶ አመስግኖ ሳይጨርስ ጊዜው አለቀ። ሁለተኛው ፏፏቴው ሦስት ቀለም ብቻ መሆኑ ቅር እንዳሰኘው ገለጠ። ሦስተኛው «የኔን ሐሳብ ከኔ በፊት የተናገሩት ወስደውብኛል» ብሎ ጀመረና የተወሰደበትን ሐሳብ በሙሉ አንድ በአንድ አስመለሰ። እኔ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ሰብሳቢው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ይስቅልኛል።

ለሻይ ሲለቁን ቡልኮውን አውልቄ ወደ ኋላ ወንበሮች ልሸሽ አሰብኩ። ከስሩ ካናቴራና በገመድ የታሰረ ሱሪ መኖሩ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ሰብሳቢው ጋ ሄድኩ። ባለፈው ቅዳሜ ጺሙን የላጨሁት ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። አባባ እንደምን ዋሉ፣ ጤናዎ እንዴት ነው አለኝ። ስለ ድልድዩ ጀመርኩለት፤ እሺ አባባ። ሐምሌ ሴቶች ይወልዳሉ አልኩት፤ እሺ አባባ፣ እግዜር ያኑርልን። እንዲህ እያለኝ ወደ ብስኩቱ ሄደ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌ የሚከበረው አንዳንዴ ላለመሰማት ነው። እንደ ፀጉር አስተካካይ ብሄድ ኖሮ ቢያንስ ይከራከረኝ ነበር።

ከሻይ በኋላ ሰዓቱ ሮጠ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና፣ ሐሳባችን በጣም ገንቢ እንደነበር፣ በአጠቃላይ መግባባታችንን ነገረን። እኔ ከማንም ጋር አልተግባባሁም፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። በጭብጨባ ከማጽደቃችን በፊት አባቶች ይመርቁን ሲል ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። ፀሐይን ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው? ስፖንጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ ልበላት? ገና ያልተወለደችውን ልጄን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የቀበርኳት መሰለኝ።

አሁን የሚመጣውን እንድትረዱ የአገራችንን ደንብ ልንገራችሁ። በኛ ዘንድ መርቅ የተባለ ሽማግሌ ወዲያው አይመርቅም፤ አንተ እያለህ ማለት ያምርበታል። ማይኩ ለኦቦ ገለታ ተሰጠ፤ እሳቸው አንተ እያለህ ብለው ለሚቀጥለው ሰጡ። እሱም ለሚቀጥለው። እንዲህ እየተላለፈ ዞሮ ዞሮ ጫፍ ላይ እኔ ጋ ደረሰ። ለካ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ማይኩን መልሶ ለትልቁ ይሰጣል! ይህን ማንም አልነገረኝም። ሁሉም እንቢ ብለው የቀረሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ማይኩን ተቀበልኩና ተነሳሁ።

ኦቦ ገለታ ማይኩን ለመቀበል የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። ግን የሚመርቅ ሰው ከቆመ ቆመ ነው። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፤ ባርኔጣ ሁሉ ወለቀ፤ መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። ሰብሳቢውም ወረቀቱን ብብቱ ስር አድርጎ መዳፉን ዘረጋ። እኔ በሕይወቴ ማዕድ እንኳ መርቄ አላውቅም። ከዘራው ላይ ተደገፍኩ፤ ሰዉ ዕድሜ ነው ብሎ አዘነልኝ። ከልጅነቴ የሰማሁትን ከየቦታው ለቃቅሜ ጀመርኩ።

«አገሩን ሰላም ያድርገው» አልኩ።

«ሃ ተኡ» አለ አዳራሹ። ይሁን ማለት ነው። በምርቃት ላይ ሲመልሱት ከሆድ ነው የሚወጣው፤ የግድግዳው ቀለም እስኪራገፍ ድረስ። ፕሮቴስታንቶቹም ኦርቶዶክሶቹም አሜን ብለው ጨመሩበት።

«ዝናቡን በልኩ ይስጠን። ከብቱ ይርባ፤ እህሉ ይባረክ።»

«ሃ ተኡ። አሜን።»

እዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ከዚህ በኋላ የማውቀው ምርቃት አለቀብኝ። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ሆዴ ውስጥ የነበረው ነው።

«ያረገዙት በሰላም ይገላገሉ።»

«ሃ ተኡ።»

«የሚገላገሉት ጅረት ዳር በዝናብ ሳይሆን ሐኪም ፊት ይሁን።»

«ሃ ተኡ።» ከኋላ፣ የኛ ሰፈር ሰዎች ከተቀመጡበት በኩል፣ ድምፁ ወፈረ።

«የጣራና የግድግዳ ግብር የሚከፍል ሰው፣ ወደ ጣራው የሚገባበት መሻገሪያ አይጣ።»

ይሄኛውን ሰብሳቢው ራሱ ጮክ ብሎ መለሰው፤ «የሚከፍል» የምትለዋ ቃል ደስ አሰኝታዋለች መሰለኝ። እኔም አጋጣሚውን ሳላሳልፍ ቀጠልኩ። የምርቃት ጉልበቱ ዜማው ላይ ነው። ዜማው ካልተሰበረ አፍ ከጆሮ ቀድሞ ይመልሳል።

«በፏፏቴ ፈንታ ዘንድሮ ድልድይ ይሁንልን።»

«ሃ ተኡ።»

«ክረምቱ ሳይከብድ በሲሚንቶ ይቁም።»

«ሃ ተኡ።»

«ይህን ያጸደቀ እጅ አይዛል። ዘሩ ይብዛ፣ ስሙ ይነሳ።»

«ሃ ተኡ። አሜን፣ አሜን።»

ሰብሳቢው የመጨረሻዋን አሜን ብሎ መዳፉን ፊቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው የገባው። እጁ ከግንባሩ ወደ አገጩ እየወረደ መሃል ላይ፣ አፍንጫው ጋ ቆመ። በጣቶቹ መሃል አየኝ። ከፀጉሬ ወደ ቅንድቤ ወረደ፤ ቅንድቤ አልሸበተም። ከዚያ ድምፄን አሰበ መሰለኝ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ጆሮው ስር የሚያወራውን ድምፅ።

«አንተ ፀጉር አስተካካዩ አይደለህም?» አለ።

ነኝ አልኩ። ምን ልበል? ቡልኮው የከበደኝ ያኔ ነው። ሰብሳቢው ሳቅ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረና፣ ወንድማችን ስሜቱን ገልጿል፣ ምርቃት ግን ምርቃት እንጂ ውሳኔ አይደለም፣ ያውም መራቂው ሽማግሌ ካልሆነ ምርቃትም አይባልም፤ ስለዚህ ወደ ጭብጨባው እንለፍ አለ። አንዳንዱ ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ እጁን ለጭብጨባ አዘጋጀ። እኔ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ልጄ ሳላያት የጠፋችው አሁን ነው አልኩ።

ኦቦ ገለታ ከወንበራቸው ተነሱ። እጃቸውን አየር ላይ ያስቀረሁባቸው ሰውዬ ናቸው፤ ቢፈርዱብኝም አልፈርድባቸውም። ማይክ አልፈለጉም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰብሳቢውን አዩ።

«ይህ ልጅ ደንብ አያውቅም። ማይኩን መመለስ ነበረበት፤ ለዚያ ይቀጣል፣ ቅጣቱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ አዳራሹ አዞሩ። «ሃ ተኡ ያለው ግን ማነው? እሱ አይደለም፤ እኛ ነን። ምርቃት የሚጸናው በመራቂው ዕድሜ አይደለም፣ በተቀባዩ አፍ ነው። ቆመን፣ ራሳችንን ገልጠን፣ መዳፋችንን ዘርግተን ተቀብለናል። አሁን መልሱት ካላችሁ እሺ፤ ዝናቡንም ሰላሙንም አብራችሁ መልሱ። ግማሹን አሜን ግማሹን እንቢ የሚባል ምርቃት እኔ አላውቅም።»

ሰብሳቢው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከሴቶቹ ረድፍ ሌላ ነገር ተሰማ። አዴ ጫልቱ ናቸው፤ የሰብሳቢው እናት። ሴቶች በክብር የሚይዙትን ያንን ቀጭን ዘንግ፣ ሲንቄአቸውን፣ ወለሉ ላይ መታ አደረጉት። እንደምታውቁት ሲንቄ ከተነሳ ወንድ ልጅ ይቆማል።

«ልጄ» አሉ በረጋ ድምፅ፣ «ከሁሉም አጠንክረህ አሜን ስትል ሰምቼሃለሁ። አንተንም ስወልድ ወንዝ ሞልቶ ነበር።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ የወጣ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ በሰው ሁሉ ፊት የእናቱ ልጅ ሆነ። አንገቱን ሲደፋ ያቺ የሳሳችው ቦታ ታየችኝና ከልቤ አዘንኩለት። ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያ እውነተኛ ሳቁ ነው። ፏፏቴው ይቆይ አለ። በዚህ ዓመት በጀት ላይ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ አለ፤ ሰኔ ሳያልቅ ካልተሠራበት ይመለሳል፤ ድንጋይና ጉልበት ሰፈሩ ከቻለ ሲሚንቶና ብረት ከኛ፤ የምትደግፉ እጅ አውጡ አለ። እናንተዬ፣ እጅ ያላወጣ ሰው አልነበረም። ሁለቱንም ያወጣ አለ። ያ ፏፏቴው ሦስት ቀለም ብቻ ሆነ ብሎ ያዘነውም አወጣ። ማንም ሳያዘው እልልታው አውቶቡስ እስኪያቆም ቀለጠ፤ አንዱ አውቶቡስ በእርግጥም ቆመ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ።

ቅጣቴን ኦቦ ገለታ እዚያው ፈረዱ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች በሙሉ ክረምቱን በነጻ እንዳስተካክል። በደስታ ተቀበልኩ። ግብሩንም ሰፈሩ ያለ ማጉረምረም ተቀበለ። ገማቾቹ ተመልሰው ሲመጡ ፍየሎቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። እኔም የግድግዳዬን እውነት ተናገርኩ። ቪላ አይደለም፣ የሚወድቅም አይደለም። አማቴ ከበሩ ቆመው ይሰሙ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑኝ።

ሥራው በሳምንቱ ተጀመረ። ድንጋይ ያላነሳ ሰው አልቀረም። ሰብሳቢው ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር፤ አዴ ጫልቱ ደግሞ ጥላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ስንት እንደተሸከመ ያዩታል። ኦቦ ዱጋሳ በጉልበታቸው ምክንያት መሥራት ባይችሉም ከበራቸው ሆነው ሁሉንም ያዙ ነበር። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ዝናቡ ትንሽ ታገሠን። በሰኔ መጨረሻ ባጃጅ የሚያሳልፍ፣ ዳርና ዳሩ መከለያ ያለው፣ ደንበኛ ድልድይ ቆመ።

የኔ ነገር ግን ተበላሸ። ፀሐይ ስትወልድ ቀለሜን እቀባለሁ ስል ሰፈሩ ሰማና አገደኝ። ያ ሽበት ድልድይ ያቆመ ሽበት ነው፣ ከነካኸው እንጣላለን አሉኝ። ይባስ ብሎ ሰርግ ላይ፣ ቤት ምረቃ ላይ፣ አንዴማ አዲስ ባጃጅ ገዝቶ የመጣ ልጅ ዘንድ መርቅ እየተባልኩ እጠራለሁ። አርባ ያልሞላኝ አባባ ሆኜ ቀረሁ። ኦቦ ገለታ ባሉበት ግን ማይኩን እመልሳለሁ።

ሐምሌ መጣ። ጅረቱም መጣ፤ እንደዚያ ሆኖ አላየነውም። ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል፤ ከላይ ሙሉ ዛፍ ነቅሎ ሲያመጣ አየን። ከቀትር በኋላ ፀሐይን ምጥ ያዛት። እኔ ባጃጅ ጠርቼ፣ ጃንጥላ ፈልጌ፣ ጫማዬን አቀያይሬ አድርጌ ስደርስ እሷ አንሶላዋን ይዛ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እጄን ጨብጣኛለች፤ ጣቶቼ ከዚያ ወዲያ መቀስ የሚይዙ አይመስለኝም ነበር።

ባጃጁ ድልድዩ ላይ ወጣ። መሃል ላይ ስንደርስ ፀሐይ ሾፌሩን አቁም አለችው። እዚሁ ልትወልድ ነው ብዬ ጃንጥላውን ለመዘርጋት ታገልኩ። እሷ ግን ሸራውን ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች። ያ ሁሉ ምሽት ብቻዋን ወጥታ የምታየው ጅረት እግሯ ስር ያጓራል፤ ግንዱን፣ ድንጋዩን፣ አረፋውን ይዞ። ምጡ ጋብ እስኪልላት ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ዘንድሮ ከላይህ ነኝ» አለችው።

ሸራውን ለቀቀችና ሾፌሩን ንዳ አለችው። ጅረቱ ከታች ይጮሃል፤ እኛ ሦስታችን አለፍን።